ሱቅ ደርሰህ ና

እማዬ መሬት ላይ እንትፍ ትልና «ይህ ሳይደርቅ ሱቅ ደርሰህ ና» ትለኝ ነበር። በአንድ እጄ ባዶ ጠርሙስ፣ በሌላው ስሙኒ ይዤ እፈተለካለሁ። ጠርሙሱ ለነጭ ጋዝ ነው፤ ስሙኒዋ ለስኳር። ስሙኒ የጠፋ ቀን ጠርሙሱን ብቻ ትሰጠኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ደብተሩ ላይ ያስፍረው በለው» ትለኛለች። ልደታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከነበረው ቤታችን እስከ ሱቁ ድረስ በልጅ እግር ስድሳ እርምጃ ነበር። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ምራቁ ደርቆ የጠበቀኝ ባለሱቁ ከሰው ጋር ጨዋታ ይዞ ባስቆመኝ ቀን ብቻ ነው።

ሱቁ የቀበሌ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ላይ ለሁለት የሚከፈል የእንጨት መስኮት። የመስኮቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውጭ ሲዘረጋ ባንኮኒ ይሆናል። ከባንኮኒው ኋላ ሚዛን ከነብረቶቹ፣ የዘይት በርሜል ከነጭልፋው፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለሱቁ የሚተኛበት ቆጥ ይታያል። ስኳር የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነበር። እኔ አዲስ ዘመንን ማንበብ የጀመርኩት ከስኳር መጠቅለያ ላይ ነው፤ ግማሹ ዜና ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ሄዶ ይጠብቀኛል። ሳሙና በቢላዋ ለሁለት ይቆረጣል። ቡና በስኒ፣ ሻይ ቅጠል በማንኪያ፣ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ሰፈራችን በዕለት ገቢ የሚያድር ሰው የበዛበት ስለነበር ሱቁም የዕለት ነበር። የአምስት ሳንቲም በርበሬ የሚጠይቅ ሰው ፊቱ ሳይቀላ ይጠይቃል፤ ባለሱቁም ሳይሰለች ይሰፍርለታል።

ዛሬ እማዬ የምትኖረው ጀሞ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። በረንዳዋ ላይ ቆሜ ወደ ታች ስመለከት ሁለት ሱፐርማርኬት፣ አራት ፋርማሲ፣ ሦስት የባንክ ቅርንጫፍ፣ አንድ የሕፃናት ልብስ መደብርና ስማቸውን ለማንበብ አንገቴን ማጠፍ ያለብኝ በርካታ ሱቆች አያለሁ። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ቅርጫት ተደርድሯል። ገብቶ መርጦ፣ ዋጋውን ከመደርደሪያው ጠርዝ አንብቦ፣ በስልክ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ መውጣት ነው። ከመግባት እስከ መውጣት ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጡ መጨረስ ይቻላል። ባለፈው ወር አብሬያት ገብቼ ነበር። እማዬ ገንዘብ ተቀባይዋን ልጅ «እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ ደነገጠች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። ከኋላችን የቆመው ሰውዬ ሰዓቱን ተመለከተ።

የልደታው ባለሱቃችን ከጉራጌ አገር በልጅነቱ የመጣ ሰው ነበር። መርካቶ አንድ ዘመዱ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እያነሣ፣ ወለል እየጠረገ፣ ሌሊት በር እየጠበቀ ንግድን ተማረ፤ ሲችል የራሱን ከፈተ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰፈር ሱቅ የሚወለደው በዚህ መንገድ ነበር። ቀደም ባለው ዘመን ብዙው ሱቅ የየመኖች ነበር፤ ትልልቆቹ «አረብ ቤት» ሲሉ እኔም በልጅነቴ እሰማለሁ። የመኖቹ ብዙዎቹ ሲሄዱ ቦታውን የያዙት እነሱ ዘንድ ሠርተው ያደጉት ናቸው። መስቀል ሲቀርብ ባለሱቃችን ወደ አገሩ ይገባል። የወንድሙን ልጅ ትቶልን ሲሄድ እንተርፋለን፤ ዘግቶ ሲሄድ ግን ሰፈሩ በዓሉን የሚቆጥረው በእሱ መመለስ ነው። እናቶች ከመስከረም መጀመሪያ አንሥቶ ጨውና ክብሪት ያጠራቅማሉ። ሲመለስ ለደንበኛ ልጆች ከረሜላ በምራቂ ይሰጣል፤ እኛም የበዓሉን ማለቅ በዚያ እናውቃለን።

ደብተሩን በቅጡ ላስታውሰው። ጠርዙ በዘይት የወረዛ፣ የቤታችን ገጽ በአባዬ ስም የሚጀምር ደብተር ነበር። የአባዬ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይገባል፤ ከሃያ በኋላ ያሉት ቀናት ግን የደብተሩ ናቸው። አባዬ ታሞ ደመወዙ በተቋረጠባቸው አራት ወራት ያ ገጽ ሞልቶ ወደ ሌላ ገጽ ዞረ። ባለሱቁ አንድ ቀን «በቃ» አላለንም። እማዬ ዕዳውን ከፍላ የጨረሰችው አባዬ ሥራ ከተመለሰ ከስንት ወር በኋላ ነው። እስካሁን ያን ሰው ስታነሣ «ልጆቼን ያሳደገልኝ» ነው የምትለው። ወለድ አልጠየቀም። ማስያዣ አልጠየቀም። የጠየቀው እንድንታይ ብቻ ነበር፤ በየዕለቱ በሱቁ ፊት እንድናልፍ፣ ሰላም እንድንለው፣ ከሌላ ሱቅ እንዳንገዛ።

ይህ የመጨረሻው ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ዕዳ ያለበት ቤት ሌላ ሱቅ ሲገዛ ከታየ በማግስቱ ይሰማል። ግማሽ ኪሎ ስኳር የገዛ ሰው እንግዳ እንዳለበት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኅቴ እታለም አንድ ጊዜ የሴቶች ዕቃ ለመግዛት ሱቁ ፊት ሰው እስኪያልቅ ሩብ ቀን ያህል ቆማ ሳትገዛ ተመለሰች። የዘገየ ዕዳ በሰው ፊት «የናንተስ?» ተብሎ ሲነሣ የእናቴ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ያን ፊት የማስታውሰው ከረሜላውን የማስታውሰውን ያህል ነው።

ዛሬ እኅቴ የምትፈልገውን ከመደርደሪያ አንሥታ ቅርጫት ውስጥ ትከትታለች፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ልጆቿ ይህ ነገር አንድ ጊዜ ችግር እንደነበር ስትነግራቸው አይገባቸውም። እማዬም ብትሆን ሩብ ኪሎ ምስር ስትገዛ ለምን ሩብ እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅባትም። የታሸገው ወተት ላይ ቀን ተጽፏል። ዘይቱ ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳ መጠርጠር ቀርቷል። ዋጋው ለእኔም ለጎረቤቴም አንድ ነው፤ ባለሱቅ ፊቴን አይቶ አይጨምርብኝም፣ አይቀንስልኝም። ድሮን እንደኔ የሚወድ ሰው እነዚህን ትርፎች ሲዘል ስሰማ ደስ አይለኝም። እናቶቻችን ስለ ግላዊነት የሚናገሩበት ቃል አልነበራቸውም እንጂ እጦቱ ያማቸው ነበር።

በደርግ ጊዜ ሁለተኛ ሱቅ መጣልን፤ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ በኋላ ቀበሌ ቤት አከራይ ሆነ፤ ቆይቶም ስኳር አከፋፋይ ሆነ። በቤተሰብ ቁጥር ልክ በወጣ ካርድ ስኳርና ሳሙና ይሰጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ይያዛል። ሰው ሁሉ እዚያ ሌሊቱን መቆም ስለማይችል በሰው ፈንታ ድንጋይ ይቆማል፤ የእኛ ድንጋይ አንድ ጎኑ የተሸረፈ ነበር፣ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ማንም የሌላውን ድንጋይ አያነሣም። ወረፋው በደረሰ ጊዜ ስኳሩ ካለቀ ወደ ባለሱቃችን እንሄዳለን፤ እሱም ከየት እንዳገኘው ሳንጠይቅ፣ በተወደደ ዋጋ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠናል። ሁለቱ ሱቆች እንዲህ ተደጋግፈው አኖሩን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ስለዚያ ሱቅ አንድ ነገር የገባኝ። ባለሱቃችን የአምስት ሳንቲም በርበሬ ሊሰፍር የቻለው ደግ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ለቀበሌ የሚከፍለው ኪራይ ትንሽ ነበር፤ የሚያድረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ቤት ኪራይና ሱቅ ኪራይ የሚባሉ ሁለት ወጪዎች የሉበትም። አራት ወር ዕዳ የሚሸከም ትከሻ የሰጠው ያ ትንሽ ኪራይ ነው። ደግነቱንም አልነጥቀውም፤ ያው ኪራይ የሚከፍል ሌላ ባለሱቅ ከላይ ሰፈር ነበር፣ ለማንም ዱቤ አይሰጥም። ግን ደግ ሰው ደግ ሆኖ እንዲቆይ ቤቱ ሊያስችለው ይገባል።

በ2002 ዓ.ም. ግድም ልደታ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። እኛ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ስለነበርን ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ተሰጠን፤ ሃያ በመቶ ቅድሚያ፣ ሰማንያ በመቶ ከባንክ። የደረሰን ጀሞ ነው። ባለሱቃችን ዕቃውን በጋሪ ጭኖ የሄደ ቀን እማዬ ቡና አፈላችለት። ደብተሩን አውጥቶ የቀረውን ዕዳ በሙሉ ሰርዞ እንደሰጣት ነግራኛለች። እኔ ያኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ደብተሩን ራሱን አለማየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጀሞ የገባንበት ምሽት ጨው አልነበረንም። ዕቃ ስንጭን የጨው ጣሳው ተደፍቶ ኖሮ እማዬ ሽሮውን ምድጃ ላይ ጥዳ ነው ያወቀችው። እኔን አየችኝ፤ ከልማድ የተነሣ ልትልከኝ ነበር። ወዴት? ሕንፃዎቹ ቆመዋል፤ መንገዱ ኮረት ነው፤ መብራቱ ገና አልተስተካከለም። ከየሕንፃው ሥር ለሱቅ የተሠሩ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ የሁሉም የብረት በር ወደ ታች ተጠቅልሎ ተዘግቷል። ጎረቤት አንኳኳን፤ እነሱም በዚያው ቀን የገቡ ነበሩ፣ እነሱም ጨው አልነበራቸውም። ከላይ ያለው ፎቅ ገና ባዶ ነበር። ታክሲ ተሳፍሬ መካኒሳ ሄድኩ፤ በአንድ እጄ አንድ ኪሎ ጨው ይዤ ስመለስ ሽሮው በርዶ ሁሉም ተኝቷል። እማዬ ብቻ ነቅታ ጠበቀችኝ። አርባ ዓመት ያህል ጨው አልቆባት እንደማያውቅ ያን ሌሊት ነገረችኝ፤ አልቆባት የማያውቀው ቤት ውስጥ ስለሚኖር ሳይሆን ስድሳ እርምጃ ላይ ስለሚኖር ነበር።

የእነዚያ የተዘጉ በሮች ታሪክ መነገር አለበት። በ1997 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ትልቅ ነገር አስቦ ነበር፤ 400,000 ቤት መሥራት፣ ለ200,000 ሰው ሥራ መፍጠር፣ 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ማቋቋም። ምድር ቤቱ ለንግድ መተውም በዕቅዱ ውስጥ ነበር፤ ያቀደው ሰው ነዋሪ ሱቅ እንደሚያስፈልገው ያውቃል ማለት ነው። ነገር ግን የንግድ ቤቶቹ ለከፍተኛ ተጫራች በጨረታ እንዲሸጡ ተደረገ፤ ከዚያ የሚገኘው ትርፍ የመኖሪያ ቤቱን ዋጋ እንዲደጉም ነው። ሐሳቡን አልንቀውም። እማዬ ቤት ባለቤት የሆነችው በዚህ ድጎማም ጭምር ነው። ሆኖም ጨረታ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰዉም እስከዚያ መብላት አለበት። ጨረታው ሲጠናቀቅ ደግሞ ካሬውን በውድ የገዛ ሰው በውድ ያከራያል፤ በውድ የተከራየ ሰው ግማሽ ሳሙና አይቆርጥም። ስለዚህ በሮቹ ሲከፈቱ መጀመሪያ የገቡት ባንክ፣ ፋርማሲና ቢራ ቤት ሆኑ። ቀጥሎ ሥጋ ቤት መጣ። የሰፈር ሱቅ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሲመጣም ብዙ ሳይቆይ ስሙ «ሚኒ ማርኬት» ሆነ።

ታዲያ እስከዚያ ማን አበላን? አንዲት እናት ናት። ከገባን በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ በሕንፃችን ጥግ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፋ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት በመደብ በመደብ አስቀመጠች። አንድ መደብ ቲማቲም አራት ፍሬ፣ ለምራቂ አንድ ቃሪያ። ማንም አልጋበዛትም፤ የገበያ ጥናትም አላደረገችም። መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ከመንገዱ ማዶ ሆና ቆጥራ እንደመጣች በኋላ ለእማዬ ነግራታለች። ከእሷ ቀጥሎ ምድር ቤት የደረሰው አንድ ጡረተኛ በመኝታ ቤቱ መስኮት ክብሪትና ሻማ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ሙዝ በጋሪ የሚገፋ ልጅ መጣ። ከዚያ እንጀራ በር ለበር የምታዞር ሴት። በስድስተኛው ወር በወጣቶች ማኅበር ስም የቆመ የቆርቆሮ ሱቅ ተከፈተ። ከተማችን ውስጥ ሱቅ ወደሌለበት ሰፈር ሱቅ የሚመጣው በዚህ ቅደም ተከተል ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ከረጢት፣ ቀጥሎ መስኮት፣ ቀጥሎ ጋሪ፣ በመጨረሻ በር።

ከረጢቷን ግን ሕግ አያውቃትም ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች በመጡ ቁጥር ሽንኩርቱ ይወሰዳል፤ አንዳንዴ ይበተናል። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ከባለሥልጣን ጋር ቃል ተለዋውጣ የማታውቅ ሴት ናት። እሷ የመጀመሪያውን ፉጨት ስትሰማ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ የሽንኩርቱን ጆንያ ከደረጃው ሥር ትሸሽግ ጀመር። ሌሎችም ተከተሏት። አንድ ቀን አምስት ሴቶች የደረጃውን አፍ በቀሚሳቸው ዘግተው ቆመው አገኘኋቸው። ያቺ ሴት በዚህ መልኩ ሦስት ልጆች አስተማረች። አሁን ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ተጋርታ በተከራየችው ኮንቴይነር ውስጥ ትሸጣለች። ለምራቂ ቃሪያ ዛሬም አትነፍግም፤ በመደብ መሸጥ ግን ትታለች። «ኪራዩ አያስችልም» ትላለች፣ ዓይኗን ወደ ሌላ አዙራ።

የሕንፃው ሱቅ ተከራይ ወጣቱ ልጅም ይህንኑ ይለኛል። የሱቁ ባለቤት ጀሞ አይኖርም፤ ልጁም በአካል አይቶት የሚያውቀው ሁለት ጊዜ ነው። ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። መደርደሪያው ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እማዬ ከባድ ዕቃ ስትገዛ እስከ በሯ ያደርስላታል። ዱቤ ግን ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ከዓመት ያህል በኋላ «እንደኪሴ» የሚል አገልግሎት ይዞ መጣ፤ ሒሳብ ሲያንስ ይሞላል፣ ክፍያ ያስከፍላል። የእኅቴ ልጅ በእሱ ሩዝ ስትገዛ ያየች ዕለት እማዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ቢታመሙስ ይጠብቃል?» ልጅቷ ስልኳን እያየች «አይ፣ ቀኑ ሲደርስ ይቆርጣል» አለቻት። በሰው ፊት ግን አይጠራትም። ይህንንም አክላ ብትነግራት እማዬ ራሷ መዝና ትፈርድ ነበር።

ያላሰብነው ትርፍም አለ። ለስንት ዓመት የጀሞ ሰው አትክልት በርካሽ ለማግኘት ፒያሳ አትክልት ተራ ይሄድ ነበር፤ ጠዋት ወጥቶ፣ ዘንቢል ተሸክሞ፣ በሁለት ታክሲ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራ ጥግግቱ አስፈሪ ነው ተብሎ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ ደግሞ የጥምቀት ሜዳ ነው፤ የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው መለቀቅ ነበረበት። ገበያው ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጣ። ለእኛ ይህ ማለት የከተማዋ ትልቁ የአትክልት ጅምላ ገበያ ከእማዬ ቤት የአጭር ታክሲ ርቀት ላይ ሆነ ማለት ነው። የጀሞ ሰው ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ገበያ በወረርሽኝና በታቦት ምክንያት ተገኘ። የፒያሳ ጎረቤቶቹ ደግሞ በዚያው ቀን አጡት። አንዱ ሰፈር ሲያገኝ ሌላው ማጣቱ እስከ ዛሬ ደስታዬን ሙሉ አያደርገውም።

ወረፋም ተመልሶ መጣ። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ በድጎማ ዋጋ ዘይትና ስኳር በሚገባበት ቀን በሌሊት የሚነሡ እናቶች አሉ። የሚያቆሙት ድንጋይ ሳይሆን ባዶ የዘይት ጀሪካን ነው፤ በገመድ ታስረው ተደርድረው ሳያቸው ያቺ ጎኗ የተሸረፈች ድንጋይ ትዝ ትለኛለች። ሱፐርማርኬቱ ከወረፋው ፊት ለፊት ነው። መስታወቱ ውስጥ ያው ዘይት፣ ያለ ወረፋ፣ በውድ ዋጋ ተደርድሯል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ያለው ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ጀመር። ድሮ ሱቅ የሌለው ሰፈር ሱቅ ካገኘ ችግሩ ያልቃል ብዬ አስብ ነበር። አሁን የማየው ሌላ ነው፤ ሱቁ ደረጃው ሥር ሆኖ ከስድሳ እርምጃ በላይ ሊርቅ ይችላል።

በዚያው 2016 ዓ.ም. ለአገር ውስጥ ነጋዴ ብቻ ተከልሎ የኖረው የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብትም እንዲከፈት ተወሰነ። ትልልቆቹ ሲመጡ ዋጋ ይቀንሳሉ የሚል ተስፋ አለ፤ እኔም ተስፋውን እጋራለሁ። ግን ትልቅ መደብር ቦታ ሲመርጥ የሚቆጥረው መኪና ማቆሚያና የደንበኛ ኪስ ነው። ያቺ የከረጢቷ ሴት የቆጠረችው የበራ መስኮት ነበር። አዲስ መንደር የሚሠሩ ሰዎች ቢሰሙኝ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፍ ከመታደሉ በፊት ከየሕንፃው ሥር ሁለት ክፍል ከጨረታ ውጭ ይቀመጥ፣ ጨውና ዱቄት ለሚሸጥ ሰው በትንሽ ኪራይ ይሰጥ። አጠገቡም ውኃና ጣሪያ ያለው ቦታ ለጉልት ሴቶች ይተው። ይህ ድጎማውን ብዙ አይጎዳም። ሰዎች በገቡበት የመጀመሪያ ምሽት እራታቸው ጨው ይኖረዋል።

እሑድ እሑድ መንገድ ላይ የሚቆመው ገበያ ለእማዬ የሳምንቱ ትልቅ ቀን ነው። ገበሬና ማኅበራት በቀጥታ ያመጡት ድንች፣ ጎመን፣ እንቁላል አለ። የምትሄደው ግን ለዋጋው ብቻ አይመስለኝም። እዚያ መከራከር ይቻላል። «ይህ ድንች ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ «ጨምርልኝ» ማለት፣ ተኮራርፎ ሄዶ ተመልሶ መግዛት ይቻላል። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዘንቢሏ ከብዶ፣ ስላገኘቻቸው ሰዎች ወሬ ይዛ ነው። ሱፐርማርኬት ደርሳ ስትመለስ ግን ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ዝም ትላለች።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሣ የእናቴ የአጎት ልጅ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረች። በገባችበት ቀን እማዬ ደወለችላት። ስለ ቤቱ ስፋት አልጠየቀቻትም፤ ስለ ውኃም አልጠየቀቻትም። «ሱቅ አለ?» ነው ያለቻት። ከወዲያ ያለውን መልስ አልሰማሁም። እማዬ ስልኩን ዘግታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ክብሪትና አንድ ስኒ ቡና በየላስቲኩ ቋጠረች። ስኳሩን ግን በጋዜጣ ጠቀለለችው፤ ጫፉን አጥፋ ስትወትፈው የባለሱቃችንን ጣቶች አየሁ።

ሁሉንም በዘንቢል አድርጋ ሰጠችኝና በሩን ከፈተችልኝ። «ደርሰህ ና» አለችኝ። ከጀሞ ገላን ጉራ ሩቅ ነው፤ ምራቋን እንትፍ አላለችም።